ወደ ካውንቲ ሾው ስትሄዱ አያትን ይዛችሁ ሂዱ

ሰመር ሲገባ እዚህ እንግሊዝ አገር ልጅ የምናሳድግ ሁሉ አንድ ጥያቄ ይይዘናል። ልጆቹን የት እንውሰዳቸው? የሰፈሩ ፓርክ ተሰልችቷል። መዝናኛ ፓርኮቹ አምስት ሆናችሁ ስትሄዱ ኪስ ያራቁታሉ። ከአገር ቤት የመጡ እናት ወይም አባት ቤት ውስጥ ካሉ ደግሞ ጥያቄው ድርብ ነው። ዕድሜ ልካቸውን ሲሠሩ የኖሩ ሰዎች ሶፋ ላይ ቁጭ ብለው በመስኮት የጎረቤት አጥር እያዩ ሲውሉ ማየት ልብ ይሰብራል።

የእኔ መልስ ካውንቲ ሾው ነው። ሄዶ ለማያውቅ በአጭሩ ልንገር። የአንድ አካባቢ ገበሬዎች ከብታቸውን፣ በጋቸውን፣ አሳማቸውን፣ ፈረሳቸውን፣ ዶሯቸውን፣ ማራቸውንና አይባቸውን ይዘው አንድ ሰፊ ሜዳ ላይ ይሰበሰቡና ይወዳደራሉ። ሌላው ሕዝብ ቲኬት ቆርጦ ይገባል፣ ያያል፣ ይጠይቃል፣ ይበላል። ለቱሪስት ተብሎ ትናንት የተፈጠረ ነገር አይደለም። ግሬት ዮርክሻየር ሾው ለመጀመሪያ ጊዜ የተካሄደው እ.ኤ.አ. በ1838 ነው፤ የስኮትላንዱ ሮያል ሃይላንድ ሾው በ1822፤ ሮያል ኮርንዎል ደግሞ ሥሩ እስከ 1793 ይደርሳል። ገበሬው ዓመቱን ሙሉ የሚዘጋጅበት ቀን ነው።

ከመጀመሪያው አንድ ነገር ልበል። ይህን ቀን ለልጆች ብቻ ብላችሁ አታቅዱት። አያት ካሉ ቀኑ የሳቸው ነው። ልጆቹ ደግሞ ከሳቸው ጎን ሆነው ሲያዩ ነው እውነተኛውን ነገር የሚያዩት። ይህ የገባኝ አማቴ ከመንዝ መጥተው እኛ ጋ ሦስት ወር በተቀመጡ ጊዜ ነው። ዝርዝሩን ወደ ታች እነግራችኋለሁ፤ መጀመሪያ ግን ቀኑ እንዳይበላሽ የሚያደርጉትን ነገሮች እንጨርስ።

የትኛው ሾው፣ በየትኛው ቀን

ትልልቆቹ ሾዎች ከሜይ እስከ ሴፕቴምበር ይካሄዳሉ። ለንደን ለሚኖር ሰው በቅርብ ያሉት ሜይድስቶን አጠገብ ዴትሊንግ የሚካሄደው የኬንት ካውንቲ ሾው እና ዌስት ሳሴክስ፣ አርዲንግሊ ላይ ያለው የሳውዝ ኦቭ ኢንግላንድ ሾው ናቸው። ሁለቱም ቅዳሜና እሑድን ስለሚነኩ ለሠራተኛ ይመቻሉ። ሰሜን ያላችሁ ሃሮጌት ላይ ግሬት ዮርክሻየር አለላችሁ፤ ጁላይ ውስጥ ከማክሰኞ እስከ ዓርብ ነው። ዌልስ ውስጥ ሮያል ዌልሽ ሾው ቢልዝ ዌልስ አጠገብ ላንልዌዝ ላይ በጁላይ መጨረሻ አካባቢ ለአራት ቀን ይቆያል። ስኮትላንድ ያላችሁ ደግሞ ዕድለኞች ናችሁ፤ ሮያል ሃይላንድ ሾው ኢንግልስተን፣ የኤድንብራ ኤርፖርት ጎን ስለሆነ በትራም መሄድ ይቻላል። ዶርሴት ካውንቲ ሾው በሴፕቴምበር የመጀመሪያው ቅዳሜና እሑድ ዶርቼስተር ላይ ነው። ሰመሩ አለቀ ብላችሁ ተስፋ ስትቆርጡ እሱ ይጠብቃችኋል።

መኪና የሌላችሁ ወይም ገንዘብ ማውጣት ሳትጀምሩ ልጆቹ ይወዱት እንደሆነ መሞከር የምትፈልጉ የለንደን ሰዎች የላምቤዝ ካንትሪ ሾውን እዩ። ብሮክዌል ፓርክ ውስጥ ነው፣ መግቢያው ነፃ ነው። እንደ ትልልቆቹ አይሆንም፤ ግን በግ አለ፣ የአትክልት ውድድር አለ፣ ሙዚቃ አለ። ለመጀመሪያ ጊዜ ጥሩ ልምምድ ነው።

የትምህርት ቤትን ነገር አስቡበት። ብዙዎቹ ሾዎች የሚውሉት በሥራ ቀንና ትምህርት ሳይዘጋ ነው። እንግሊዝ ውስጥ ልጅ በአሥር የትምህርት ሳምንት ውስጥ ያለ ፈቃድ አምስት ቀን ከቀረ ለእያንዳንዱ ወላጅ፣ በእያንዳንዱ ልጅ 80 ፓውንድ ቅጣት ሊመጣ ይችላል። በ21 ቀን ካልተከፈለ 160 ይሆናል። አንድ ቀን ብቻውን አብዛኛውን ጊዜ ቅጣት አያመጣም፤ ግን መዝገብ ላይ ይቀመጣል፣ ቀደም ብሎ የቀረበት ቀን ካለ ይደመራል። እኔ ልጄን አስቀርቼ አልሄድም። የሜይ መጨረሻው የሃፍ ተርም ዕረፍት ላይ የሚውል ሾው አለ፣ ቅዳሜ አለ፣ በኦገስት ደግሞ በየገጠሩ የአንድ ቀን ትንንሽ ሾዎች አሉ። ትንንሾቹን አትናቁ። ቲኬታቸው ይረክሳል፣ ሰልፉ ያጥራል፣ ገበሬው ቆሞ ለማውራት ጊዜ አለው። ከሁለት ዓመት በታች ሕፃን ላለው ሰው እኔ የምመክረው እነሱን ነው።

ቲኬት አስቀድማችሁ በኦንላይን ግዙ። በትልልቆቹ ለአንድ አዋቂ ብዙ ጊዜ ከ25 እስከ 40 ፓውንድ ነው፤ ቀደም ብሎ የገዛ ደህና ቅናሽ ያገኛል። በር ላይ ጨርሶ የማይሸጡም ስላሉ ዝም ብላችሁ አትንዱ። ትንንሽ ልጆች በነፃ ይገባሉ፤ የነፃው ዕድሜ ግን በየሾው ይለያያል። አንዳንዱ ጋ እስከ አምስት ዓመት ነው፣ ሮያል ሃይላንድን የመሰለው ደግሞ ከአዋቂ ጋር የመጣ ከ16 ዓመት በታች ልጅን በሙሉ ያስገባል። ስለዚህ የቤተሰብ ቲኬት የሚባለውን ከመግዛታችሁ በፊት ሒሳቡን ሥሩት፤ ሁልጊዜ ርካሹ እሱ አይደለም። አካል ጉዳት ላለበት ሰው ረዳት ሆኖ ለሚገባ ሰው ነፃ ቲኬት የሚሰጡ ብዙ ናቸው፤ ይህን ሳትጠይቁ እንዳታልፉ። አማቴ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ሜዳው ትልቅ ነው፣ ቀኑን ሙሉ በእግር ነው። እዚያው የሚከራይ ዊልቸር ወይም ባለ ሞተር ወንበር የሚኖርበት ሾው አለና ከሁለትና ሦስት ሳምንት በፊት ደውላችሁ አስይዙ። በሄዳችሁበት ቀን ከጠየቃችሁ አልቋል ነው የምትባሉት።

ምግብ፣ ጾም፣ ጭቃ

ምግቡን እቤት ሥሩ። ይህን የምለው ለገንዘቡ ብቻ አይደለም። ጁን እና ጁላይ መጀመሪያ የሰኔ ጾም ነው፤ ከጰራቅሊጦስ ማግስት ጀምሮ እስከ ጁላይ 11 ድረስ ይቆያል። የኦገስት ሾዎች ደግሞ ከ7 እስከ 21 ባለው ጊዜ ከዋሉ ፍልሰታ ላይ ናቸው። ሾው ላይ የሚሸጠው ምግብ በርገር፣ በእሳት ላይ የሚዞር ሙሉ አሳማ፣ አይብና አይስክሬም ነው። ለሚጾም ሰው ቺፕስ አለ ብላችሁ አትተማመኑ፤ በከብት ሞራ የሚጠብሱ አሉ፣ መጠየቅ ያስፈልጋል። ሙስሊም ቤተሰቦችም ይኸው ችግር አለባቸው፤ ሐላል የሚሸጥ ላይገኝ ይችላል፣ ቺፕሱ የተጠበሰበት ዘይትም ጥያቄ ነው።

እኛ የምንይዘው የምስር ሳምቡሳ፣ የጾም ፍርፍር በክዳን ሣሕን፣ ድፎ ዳቦ፣ ቆሎ፣ ሙዝና ብርቱካን ነው። ሻይ በፔርሙስ። ውኃ በብዛት። ፍርፍር ከያዛችሁ እጅ መታጠቢያ ውኃ ለብቻው በትልቅ ጠርሙስ ያዙ፣ ሳሙናም ጨምሩ። ምክንያቱን ቆይቼ እመለስበታለሁ። ሣር ላይ የሚነጠፍ ትልቅ ጨርቅ አትርሱ። ከታች ፕላስቲክ ያለው ቢሆን ይሻላል፤ ሣሩ ጠዋት ጤዛ አለው። ለአያት ደግሞ ታጣፊ ወንበር። መሬት መቀመጥ እወዳለሁ ቢሉም ያዙላቸው፤ ከሰዓት በኋላ ይፈልጉታል።

ስለ ልብስ፣ ሁለቱንም ወቅት ይዛችሁ ሂዱ። በ2012 ግሬት ዮርክሻየር ሾው ዝናቡ ሜዳውን አጭቅይቶት ከመጀመሪያው ቀን በኋላ ተሰርዟል፤ መኪና ማቆሚያው ጭቃ ሆኖ ማስተናገድ አልተቻለም። በ2022 ጁላይ ደግሞ እንግሊዝ ውስጥ ከ40 ዲግሪ በላይ በተመዘገበበት ሳምንት ነው ሮያል ዌልሽ የዋለው። ስለዚህ የላስቲክ ቦት፣ የዝናብ ጃኬት፣ ኮፍያና የፀሐይ ክሬም አንድ ላይ መኪና ውስጥ ይግቡ። ትንንሽ ጎማ ያለው የልጅ ጋሪ ጭቃ ላይ አይሄድም፤ ሕፃን ካለ ማዘያ ያዙ። አማቴ አንቀልባቸውን ይዘው ነበር። ጋሪ የሚገፉት ሁሉ ሲንገታገቱ እሳቸው አዝለው አልፈው ሄዱ።

የሚዘጋ ክፍል ካለ አስቀድማችሁ እዩ። በ2001 አፍተግር የሚባለው የከብት በሽታ በገባ ጊዜ ብዙ ሾዎች ጭራሽ ተሰርዘው ነበር። አሁንም የወፍ ጉንፋን ሲኖር የዶሮው ድንኳን ይዘጋል። ልጃችሁ ጫጩት ልታይ ሌሊቱን ሳትተኛ ያደረች ከሆነ ይህን ከመንገድ በፊት ማወቅ ይሻላል።

ጠዋት እንስሳ ጋ ሁኑ

ከሁሉም በላይ እንድትሰሙኝ የምፈልገው ይህን ነው። በሩ ሲከፈት ድረሱ። አብዛኛው ሰው ዘግይቶ ይመጣል፣ መጀመሪያ ሱቁን ያያል፣ ይበላል፣ ከብቱ ጋ ሲደርስ ውድድሩ አልቆ ላሞቹ ተኝተዋል። ጠዋት ግን ሥራው ሁሉ ዓይናችሁ ፊት ነው። ላም በሻምፑ ታጥባ፣ በትልቅ የንፋስ ማሽን ደርቃ፣ ጭራዋ ተበጥሮ ስትዘጋጅ ታያላችሁ። የአሥርና አሥራ አንድ ዓመት ልጆች ነጭ ካፖርት ለብሰው ከነሱ አሥር እጥፍ የሚከብድ ጊደር በገመድ እየመሩ ወደ ሜዳው ይገባሉ። የኔ ልጅ ያንን ስታይ አፏን ከፍታ ቀረች፤ ልጆቹ በዕድሜ እኩዮቿ ነበሩ።

አማቴ የቆሙት አንዲት ሆልስታይን ላም ጋ ነው። ጥቁርና ነጭ ናት፣ ጡቷ መሬት ሊነካ ምንም አልቀረው። ባለቤቷን ጠይቅልኝ፣ ስንት ትታለባለች አሉኝ። ጠየቅሁ። ሰላሳ አምስት ሊትር አለ። ነገርኳቸው።

«በወር ነው?»

«አይ እማማ፣ በቀን።»

እንደገና አስጠየቁኝ። ሰውየው ሳቀና በጣቱ እየቆጠረ ሦስት አሥር፣ አንድ አምስት አሳያቸው። እሳቸው ያረቧት የነበረችው ላም ጥጃው ጠብቶ የሚተርፈው ሁለት ሊትር አይሞላም ነበር። ዝም ብለው ቆዩ። ከዚያ «ምን ታበላታለህ? ጥጃዋስ የት ነው? ስንት ወልዳለች?» ብለው ጥያቄውን አወረዱት። ሰውየው ቦታውን ትቶ ወጣ፣ የሚያበላትን ድርቆሽና ጥራጥሬ ከባልዲ አፍሶ እጃቸው ላይ አደረገላቸው። እሳቸው አሸተቱት፣ ለልጆቹም አሸተቷቸው። ሃያ ደቂቃ ያህል እያስተረጎምኩ ቆምኩ። ልጆቼ አያታቸውን እንዲህ ሲያወሩ አይተው አያውቁም። እቤት ውስጥ ማይክሮዌቭ እንዴት እንደሚከፈት የሚያሳዩአቸው እነሱ ናቸው። እዚያ ግን አዋቂዋ እሳቸው ነበሩ።

ስለዚህ መጠየቅን አትፍሩ። ገበሬዎቹ ከብታቸውን ሲጠየቁ ደስ ይላቸዋል። በነዚህ ሾዎች ላይ እኛን የሚመስል ሰው ብዙ አይታይም፣ ይህን መደበቅ አያስፈልግም፤ መጀመሪያ የሄድን ቀን እኔም ትከሻዬ ተሸማቅቆ ነበር። ከእንስሳ አጠገብ የሚጀመር ወሬ ግን ቶሎ ይሞቃል። ስሟ ማን ነው፣ ስንት ዓመቷ ነው፣ አንደኛ ወጥታ ታውቃለች ወይ። ልጆቹ ራሳቸው እንዲጠይቁ አድርጉ። ሳይጠየቅ ግን አይነካም። ከላምም ከፈረስም ኋላ አይቆምም፣ አይሮጥም። ይህን አያት ቢነግሯቸው ከእናንተ የበለጠ ይሰማል።

በጎቹ ጋ ስትደርሱ ዳኛውን እዩት። ጀርባቸውን በመዳፉ ይጫናል፣ ወገባቸውን በጣቶቹ ይለካል፣ ጥርሳቸውን ይገልጣል። የፋሲካ በግ ስንገዛ የምናደርገው ራሱ ነው፤ እሱ ኮፍያና ክራባት ስላደረገ ብቻ ሌላ ይመስላል። ልጆቻችሁን ከውጤቱ በፊት አንደኛ የሚወጣውን እንዲገምቱ አድርጓቸው፣ አያትም ይገምቱ። ሽልማቱ በጥብጣብ አበባ ነው፤ እዚህ አገር ቀይ አንደኛ፣ ሰማያዊ ሁለተኛ፣ ቢጫ ሦስተኛ ነው። አማቴ ከአራት ሦስቱን አገኙ። ያልገባቸው አንድ ነገር ብቻ ነበር። «ላታቸው የት ሄደ?» አሉ። እውነትም የዚህ አገር በግ ላት የለውም፤ ጭራው ቀጭን ነው፣ ያውም ብዙውን ግልገል ሳለ ያሳጥሩታል፤ ፋንድያ ተጣብቆበት ዝንብ እንቁላል እንዳይጥልበት። እኔም ይህን ያወቅሁት እዚያው ጠይቄ ነው።

እጅ መታጠብ

ይህን ክፍል ለብቻው ያደረግሁት ቀልድ ስላልሆነ ነው። ጤነኛ የሚመስል ከብት፣ በግና ፍየል ፋንድያው ውስጥ ኢ ኮላይ የሚባለው አደገኛ ባክቴሪያ ሊኖር ይችላል። በ2009 ደቡብ እንግሊዝ ውስጥ ለጎብኚ ክፍት የነበረ አንድ እርሻ ላይ 93 ሰው ታሟል፤ አብዛኞቹ ትንንሽ ልጆች ነበሩ። ኩላሊት ድረስ የሚሄድ በሽታ ነው።

የእጅ ጄል አይበቃም፤ እነዚህን ጀርሞች አስተማማኝ በሆነ መንገድ አያጠፋም። ሳሙናና የሚፈስ ውኃ ነው የሚያስፈልገው። ከእንስሳቱ ድንኳን መውጫ ላይ መታጠቢያ አለ። ልጆቹ እንስሳ ከነኩ፣ አጥሩን ከነኩ፣ ጭቃ የነካውን ቦት ጫማቸውን ካወለቁ በኋላ ይታጠቡ፤ ከምግብ በፊት ደግሞ ምንም ይንኩ አይንኩ ይታጠቡ። እንስሳ ጋ እያሉ አይበላም፣ ጣት አፍ ውስጥ አይገባም፣ የወደቀ ጡጦ ተጠርጎ ተመልሶ አይሰጥም። እኛ በእጅ ነው የምንበላው፣ ስለዚህ ከማንም በላይ ይመለከተናል። ያንን የውኃ ጠርሙስ ያስያዝኳችሁ ለዚህ ነው፤ መታጠቢያው ላይ ሰልፍ ካለ ምግቡ አጠገብ ሌላ መታጠቢያ ይኖራችኋል።

እርጉዝ የሆነች እናት ከበግና ፍየል ግልገሎች፣ በተለይ አዲስ ከወለደች በግ አጠገብ አትድረስ። ፅንሱን የሚጎዳ ኢንፌክሽን ሊይዛት ይችላል። እሷ አበባውንና ምግቡን ትይ፣ ጥርጣሬ ካላት አዋላጇን ትጠይቅ።

ከሰዓት በኋላ

ከምሳ በኋላ ዋናው ሜዳ ዙሪያ ቦታ ያዙ። እግራቸው ፀጉራም የሆኑት የጋሪ ፈረሶች፣ ሻየርና ክላይዝዴል የሚባሉት፣ ሠረገላ እየጎተቱ ሲያልፉ መሬቱ ይንቀጠቀጣል። ፈረስ ዝላይ አለ፣ የድሮ ትራክተሮች ሰልፍ አለ፣ ጭልፊትና ንስር የሚያበሩ ሰዎች አሉ። ያሸነፉት ከብቶች በሙሉ ተሰልፈው የሚዞሩበት ትልቁ ሰልፍም አለ፤ ሰዓቱን ፕሮግራሙ ላይ አይታችሁ ስልካችሁ ላይ አስታዋሽ አድርጉ። ድምፁ ለትንሽ ሕፃን ይከብዳል፤ የጆሮ መከላከያ ካላችሁ ይግባ።

የምግብ አዳራሹን ለአጭር ጊዜ ብቻ እዩት። አይብ በትንንሹ ያስቀምሳሉ፣ ማር ያስቀምሳሉ፤ የጾም ቀን ካልሆነ ደስ ይላል። የማሩ ድንኳን ውስጥ በመስታወት የታጠረ ቀፎ አለ፣ ንግሥቲቱን ፈልጉ ይላሉ። ልጄ እዚያ ስንት ጊዜ እንደተመለሰች አልቆጥረውም።

የሱፍ ድንኳኑን ግን አትለፉት። ሸላቾች ይወዳደራሉ፤ ጎበዙ አንድ በግ ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ሸልቶ ይለቃል፣ ፀጉሩ እንደ ካፖርት ሙሉውን ይወልቃል። ከጎኑ የሚፈትሉ ሴቶች ይቀመጣሉ። እኛ በሄድንበት ቀን አንዷ ሴትዮ በእግር የሚዞር መፍተያ ላይ ነበሩ፤ ጠረጴዛቸው ላይ ደግሞ ለማሳያ ያስቀመጡት የእንጨት እንዝርት ነበር። አማቴ እንዝርቱን አዩት፣ እኔን አዩኝ። ሴትዮዋን ፈቃድ ጠየቅኩላቸው። ነጠላቸውን ወደ ኋላ ጣሉ፣ ከክምሩ ጭብጥ ፀጉር አነሱ፣ በጣታቸው ሳብ ሳብ አድርገው አለሰለሱት፣ ከዚያ እንዝርቱን ጭናቸው ላይ አሽከረከሩት። ክሩ መጣ። ቀጭን፣ እኩል፣ የማይቋረጥ። መንዝ ውስጥ ባና የሚሠራው ከዚህ ነው፣ ብርዱ ከባድ ነው፣ ያለ እሱ አይታደርም፤ በልጅነታቸው እናታቸው ያስተማሯቸው ሥራ ነው። ፈታይዋ ሥራቸውን ትተው ወንበራቸውን አስጠጉ። ቋንቋ አልፈለጉም። አንዷ ክሩን ስትዘረጋ ሌላዋ በጣቷ ትዳስሰዋለች፣ ራሷን ትነቀንቃለች። ልጆቼ መሬት ላይ ተቀምጠው ያዩ ነበር። ትልቁ ልጄ ስልኩን አውጥቶ ቪዲዮ ቀረጸ፤ እስከ ዛሬ አልጠፋም።

ያን ክር ሴትዮዋ ጠቅልለው ሰጧቸው። አማቴ ወደ አገራቸው ሲመለሱ ሻንጣቸው ውስጥ ነበር።

ልጅ እንዳይጠፋ፣ መኪናም እንዳይጠፋ

ሲገቡ የሁሉንም ልጆች ፎቶ አንሡ፤ የለበሱት ልብስ ስልካችሁ ላይ ይኖራል። ስልክ ቁጥራችሁን በማይለቅ እስክሪብቶ ክንዳቸው ላይ ጻፉ። መገናኛ ቦታ ስትመርጡ ከሩቅ የሚታይና ቀኑን ሙሉ የማይንቀሳቀስ ነገር ይሁን፤ አይስክሬም መኪና አይሁን። እንግሊዝኛ የማይናገሩ አያት ካሉ ኪሳቸው ውስጥ ስማችሁና ቁጥራችሁ ያለበት ወረቀት አድርጉ። ይህን የምለው ስለደረሰብን ነው። አማቴን አንድ ጊዜ ለአሥር ደቂቃ አጥተናቸው የአህያ አጥር ጋ አገኘናቸው።

ሜዳ ላይ ብዙ ሰው ስለሚሰበሰብ የስልክ ኔትወርክ ይደክማል። ቲኬቱንና ካርታውን ከቤት ሳትወጡ ስልካችሁ ላይ አውርዱ። ትንሽ ካሽም ያዙ፤ የካርድ ማሽኑም በዚያው ኔትወርክ ነው የሚሠራው። መኪናው የሚቆመው የእርሻ ማሳ ላይ ስለሆነ ሁሉም ረድፍ አንድ ዓይነት ነው፤ ከመኪናው ስትወጡ በአቅራቢያው ያለውን ቁጥር ወይም ባንዲራ ፎቶ አንሡት።

መውጫ ላይ ሁለት ምርጫ ነው ያለው። ወይ ዋናው ሜዳ ከማለቁ አንድ ሰዓት ቀድሞ፣ ወይ ካለቀ አንድ ሰዓት ቆይቶ። ልክ ሲያልቅ ከሁሉም ጋር እኩል ከወጣችሁ የገጠሩ መንገድ ጠባብ ነውና ልጆች መኪና ውስጥ እያለቀሱ ቆማችሁ ትቀራላችሁ። እኛ ቆይተን ነው የምንወጣው። ሰው ሲቀንስ ሻያችንን ጨርሰን፣ የተረፈውን ሳምቡሳ በልተን፣ ጫማ ቀይረን፣ ጭቃውን ቦት በፌስታል አስረን እንነሣለን። ላሞቹ በዚያ ሰዓት ይታለባሉ፤ ማየት ከተቻለ እዩት።

ከመሄዳችሁ በፊት አንድ ነገር ጠይቁ። ለልጆች የሚሆን ውድድር ብዙዎቹ ሾዎች ላይ አለ። ከአትክልት የተሠራ እንስሳ፣ በሣሕን ላይ የተሠራ ትንሽ የአትክልት ቦታ፣ ሥዕል፣ ኬክ። ምዝገባው ከሾው ሳምንታት አስቀድሞ ስለሚዘጋ የዓመቱን ዝርዝር በጊዜ መፈለግ ያስፈልጋል። ልጄ ባለፈው ዓመት በሣሕኑ ገባች። በሙዝና በካሮት ሳይሆን በገለባ ጎጆ ሠራች፣ በጠጠር አጥር አጠረች፣ ከጎኑ ከሱፍ የተሠሩ ሦስት በጎች አቆመች። ላት አላቸው። ዳኛዋ ከኋላቸው ያበጠውን ነገር አይታ ምን እንደሆነ ጠየቀቻት። ልጄ በአያቷ አነጋገር፣ ግን በእንግሊዝኛ፣ ሁሉንም አስረዳቻት። ቢጫውን ጥብጣብ ይዛ መጣች። አሁን ፍሪጁ ላይ ተለጥፏል፤ አያትየው በቪዲዮ ሲደውሉ መጀመሪያ አሳዪኝ የሚሉት እሱን ነው።